ፍልስፍና በራሳችሁ መማር ለምትፈልጉ፦ ስለ ኦክስፎርዱ የጄኔራል ፊሎዞፊ ሌክቸር ያለኝ አስተያየት፣ ከደብረ ማርቆስ

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልናገር። ጄኔራል ፊሎዞፊ ሚባለው ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሚሰጠው ኮርስ ነው፣ ሌክቸሩን የሰጠው ደሞ ፒተር ሚሊካን ነው፣ ኸርትፎርድ ኮሌጅ ያስተማረ ፕሮፌሰር፣ ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ላይ ትልቅ ስም ያለው ሰው። እኔ የሰማሁት በ2009 የተቀዳውን ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው ምጽፈው እንዳትደናገሩ)። ዩኒቨርሲቲው በነፃ ነው የለቀቀው፣ ምዝገባ የለ ክፍያ የለ ፈተና የለ፣ ሰርተፍኬትም የለ። ሚያወራው ስለ ዕውቀት፣ ስለ አእምሮና ስለ እውነታ ነው። አንድን ነገር አውቃለሁ ስንል ምን ማለታችን ነው፣ ሐሳባችንና ሕመማችን ጭንቅላታችን ውስጥ ካለው ሥጋ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ከኛ ውጪ ያለው ዓለም እኛ እንደምናየው ነው ወይስ ሌላ ነው፣ ትላንት የነበርኩት እኔና ዛሬ ያለሁት እኔ አንድ ሰው ነን የሚያሰኘው ምንድነው፣ እኒህን ነው።

ለምን ጻፍኩት ካላችሁ፣ እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ፍሬሽማን ላይ ሎጂክ ኤንድ ክሪቲካል ቲንኪንግ ይወስዳል፣ ሞጁሉ መጀመሪያ ላይ ሜታፊዚክስ (ስለ እውነታ ሚጠይቀው) ምንድነው ኢፒስቴሞሎጂ (ስለ ዕውቀት ሚጠይቀው) ምንድነው ይልና፣ ራሽናሊስቶች (ዕውቀት ከአእምሮ ነው ባዮቹ) እንዲህ ይላሉ ኢምፒሪሲስቶች (ከልምድ ነው ባዮቹ) እንዲያ ይላሉ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ወደ አርጉመንትና ፋላሲ (የተሳሳተ አከራከር) ያልፋል። እኔ የተማርኩት ፊዚክስ ነው፣ ያቺ ምዕራፍ ግን አለቀቀችኝም፣ ብዙዎቻችሁም እንደዛው እንደሆናችሁ አውቃለሁ ምክንያቱም ዶርም ውስጥ ማታ ማታ ከኳስ ቀጥሎ ሚነሳው ክርክር ይሄው ነው፣ ነፍስ ምንድናት፣ ሁሉ ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይ፣ ይሄ ሁሉ ሕልም ቢሆንስ። ጥያቄው ሞልቷል፣ የጠፋው መንገድ ሚያሳይ ሰው ነው። ዲፓርትመንቱ በየዩኒቨርሲቲው የለም፣ ያለበትም ቦታ ቢሆን "ተመርቀህ የት ልትቀጠር?" የሚለው የቤተሰብ ጥያቄ ብዙውን ልጅ ያሸሸዋል። ስለዚ እንዲህ አይነት ነገር ሲገኝ መነገር አለበት ብዬ ነው።

አወራረዱን በአጭሩ ላስረዳ። ቪዲዮም አለው ድምፅ ብቻም አለው፣ ድምፁን ውሰዱ። እያንዳንዱ ሌክቸር ርዕስ በርዕስ ተቆራርጦ ስለተቀመጠ ፋይሉ ትንሽ ነው፣ በሌሊት ፓኬጅ አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የላችሁም። እኛ አካባቢ ዳታ ለረጅም ጊዜ የጠፋበትን ወቅት ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ያኔ ይሄንን ነገር በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ነበር የተቀባበልነው። ስላይዶቹን ግን ሳታወርዱ እንዳትጀምሩ፣ የፈላስፎቹን ስም በጆሮ ብቻ መያዝ ከባድ ነው፣ ሰውየውም አንዳንዴ ስላይዱ ላይ ያለውን እያሳየ ነው ሚያወራው። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ነው ግን ይፈጥናል፣ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት፣ ምንም ነውር የለውም።

አሁን ወደ ይዘቱ። እኔ ይሄን ኮርስ በጣም የወደድኩበት ምክንያት አጀማመሩ ነው። ብዙ የፍልስፍና መግቢያ በቀጥታ "ዓለም ሕልም ቢሆንስ" ብሎ ይጀምራል፣ ሰሚው ደሞ "እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈት ናቸው" ብሎ ይተወዋል። ሚሊካን እንደዛ አያደርግም። መጀመሪያ የአርስቶትልን ዓለም ይገነባላችኋል። ድንጋይ ለምን ይወድቃል? ከባድ ነገር ተፈጥሯዊ ቦታው የዓለም መሐል ስለሆነ ወደዛ ይሄዳል። እሳት ለምን ወደ ላይ ይወጣል? የሱ ቦታ ደሞ ከላይ ስለሆነ። ሰማይ ያሉት ነገሮች ፍፁም ናቸው፣ ከዚህ ከምድሩ ነገር በተለየ ሕግ ነው ሚተዳደሩት። ይሄ ሥዕል ሞኝነት አልነበረም፣ ዓይን ካየው ጋር ይሄዳል፣ በዛ ላይ ለአእምሮ ይመቻል፣ ሁሉም ነገር ዓላማ አለው ቦታ አለው። ከዛ ጋሊልዮ በ1610 ጁፒተርን ሚዞሩ ጨረቃዎች አየሁ ብሎ አሳተመ፣ ቶሪቼሊና ቦይል የሚባሉት ሳይንቲስቶች ደሞ ተፈጥሮ ባዶ ቦታን ትጠላለች የተባለውን በሙከራ አፈረሱት፣ ያ ሁሉ ዘመን እርግጠኛ የሆንበት ነገር ሲናድ "ታዲያ ይሄንንስ በምን እርግጠኛ ሆንን" የሚለው ጥያቄ የግድ ሆነ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 ሁሉን ልጠራጠር ያለው እንዲሁ ሲያስበው አምሮት አይደለም፣ ቤቱ ፈርሶበት ነው መሠረት ፍለጋ የገባው። ይሄን ስሰማ ፊዚክስ ክላስ ውስጥ ዝም ብዬ ያለፍኳቸው ነገሮች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ኒውተን ራሱ ግራቪቲ እንዴት እንደሚሠራ በሒሳብ አሳየ እንጂ ምን እንደሆነ መላምት አልሰጥም ነው ያለው። ሁለት ነገሮች ሳይነካኩ በባዶ ሕዋ እንዴት ይሳሳባሉ? ያኔ ብዙ ትልልቅ ሰዎችን ያስቆጣ ጥያቄ ነው፣ እኛ ግን ፎርሙላውን ሸምድደን አለፍነው። ሳይንስ ለምትማሩ ልጆች ይሄ ክፍል ብቻውን ይበቃል፣ ሌላውን ባትሰሙ እንኳን እሱን ስሙ።

ጥርጣሬው ላይ ሲደርስ ብቻዬን አልሰማሁትም። እኛ ሰፈር አንድ የጎንጅ ቤት ቅኔ የተቀኙ መሪጌታ አሉ፣ የኔታ ነው ምንላቸው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ስልኬን ከፍቼ እያቆምኩ በአማርኛ አስረዳቸው ነበር። የዴካርትን ሕልም ነገርኳቸው፣ ሕልም ውስጥ ያለ ሰው ሕልም መሆኑን አያውቅም፣ እንግዲያው አሁን ነቅቼ ነው ማለቴ ሕልም አለመሆኑን በምን አውቃለሁ። የኔታ ትንሽ ዝም ብለው "አየህ ልጄ፣ ሐሰተኛ ብር የሚባለው እውነተኛ ብር ስላለ አይደል? ሁሉ ሐሰት ከሆነ ሐሰቱን ሐሰት ያለው ማነው?" አሉኝ። በጣም ነው የደነቀኝ ምክንያቱም ጊልበርት ራይል የሚባለው የኦክስፎርድ ፈላስፋ በ1950ዎቹ ያመጣው መከራከሪያ እኮ ይሄው ነው፣ ያውም በሐሰተኛ ሳንቲም ምሳሌ። እኔም መልሼ "የኔታ፣ እውነተኛ ብር መኖሩን አምኛለሁ፣ ግን እርስዎ እጅ ላይ ያለው ይሄኛው እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ?" ስላቸው "እንግዲህ ጥያቄህ ጠበበ፣ መጀመሪያ ስለ ሁሉ ነበር ያልከኝ፣ አሁን ስለ አንዱ ሆነ፣ ስለ አንዱ ከሆነ መመርመር ይቻላል" አሉ። እኔ እስካሁን ድረስ ይሄ መልስ ዴካርትን ሙሉ በሙሉ ያሸንፈዋል ብዬ አላምንም፣ ምክንያቱም ምርመራውም ሕልም ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ግን ክርክሩን አንድ እርምጃ ወደፊት አስኬደው፣ ፍልስፍና ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ሂዩም ጋ ሲደርስ ሚሊካን ቤቱ ገባ ማለት ነው፣ ድምፁም ይለወጣል። ጥያቄው ቀላል ነው፣ ፀሐይ ነገ ትወጣለች የምንለው እስከዛሬ ስለወጣች ነው፣ ግን ያለፈው ለሚመጣው ማስረጃ ነው ያለን ማነው? "እስከዛሬ ሁሌ ሠርቷላ" ካልን የተጠየቅነውን ራሱን መልስ አድርገን አቀረብን። ገበሬው ሐምሌ ላይ ጤፉን ሚዘራው ዝናቡ እስከ መስከረም ይቆያል ብሎ ነው፣ ይሄ እምነት በሎጂክ ሚረጋገጥ አይደለም ይላል ሂዩም፣ ልማድ ነው፣ ተፈጥሮ እንዲህ አድርጋ ስለሠራችን ነው፣ እንስሳም እንደዛ ነው ሚያስበው። ፈላስፋው ራስል ከጊዜ በኋላ በ1912 ያመጣውን ዶሮም አስቡት፣ በየቀኑ ጠዋት ጥሬ ሚበትንላት ሰውዬ አንድ ቀን አንገቷን ይጠመዝዛል (እኛ አገር ቀኑ የበዓል ዋዜማ መሆኑ ነው ልዩነቱ)። ዶሮዋ የሰበሰበችው ማስረጃ ብዙ ነበር፣ በየቀኑም እየጨመረ ነበር፣ ግን እጅግ እርግጠኛ በሆነችበት ቀን ነው የታረደችው። ሳይንስ ለተማረ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሙከራ መቶ ጊዜ ደግመን አንድ ሕግ የምንለው በምን መብት ነው? እዚህ ክፍል ላይ ቶሎ አትለፉ፣ ደጋግማችሁ ስሙት።

ስለ ዕውቀት የሚያወራው ሌክቸር ላይ ጌቲየር የሚባለው ሰው ይመጣል። ከፕላቶን ጀምሮ ዕውቀት ማለት እውነት የሆነ፣ የምታምንበት፣ በቂ ምክንያትም ያለህ ነገር ነው ሲባል ኖሮ ኤድመንድ ጌቲየር በ1963 ሦስት ገፅ ባልሞላች ጽሑፍ ይሄ አይበቃም ብሎ አሳየ። የሱን ምሳሌ ለኛ ልጆች ሳስረዳ ስለማይገባቸው በዚህ ቀየርኩት። ወንድምህ አዲስ አበባ ነው ሚኖረው። ጠዋት ጊዮርጊስ ጋ ስትሄድ የወንድምህን ጃኬት የለበሰ፣ አረማመዱም የሱ የሆነ ሰው ከሩቅ አየህና "ወንድሜ ደብረ ማርቆስ መጥቷል" አልክ። ያየኸው ሰው ሌላ ሰው ነው፣ ተመሳሳይ ጃኬት ገዝቶ ነው። ግን ወንድምህ በእውነት ማታውን ገብቶ አክስትህ ቤት ተኝቷል። አሁን፣ "ደብረ ማርቆስ መጥቷል" ያልከው እውነት ነው፣ አምነሃል፣ ምክንያትም ነበረህ። አውቀሃል ወይ? አብዛኛው ሰው አይ አላወቀም፣ ገጠመለት እንጂ ይላል። ታዲያ የጎደለው ምንድነው? እዚህ ላይ ስንት ክርክር አለ መሰላችሁ፣ አንዱ ምክንያትህ ውስጥ ሐሰት መኖር የለበትም ይላል፣ ሌላው እምነትህን ያመጣብህ መንገድ ራሱ አስተማማኝ መሆን አለበት ይላል፣ እያንዳንዱ መልስ ላይ ደሞ ሌላ ምሳሌ ይመጣበታል። ወሬ እንደዚህ በሚበዛበት ጊዜ፣ አንድ ነገር ሰምተን እውነት ሆኖ ስናገኘው "ብዬ አልነበር" ስንል በምንውልበት ጊዜ፣ ይሄ ጥያቄ ትልቅ ነው።

የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የሎክ የቀለምና የጣዕም ነገር ደሞ ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሦስት ሳህን ውኃ አቅርቡ፣ አንዱ ቀዝቃዛ አንዱ ሞቅ ያለ አንዱ ለብ ያለ፣ አንድ እጃችሁን ቀዝቃዛው ውስጥ ሌላውን ሞቃቱ ውስጥ አቆዩና ሁለቱንም ለብ ወዳለው አግቡ፣ አንድ ውኃ ለአንዱ እጅ ይሞቃል ለሌላው ይቀዘቅዛል። ሎክ ከዚህ ተነስቶ ሙቀት ውኃው ውስጥ እኛ እንደሚሰማን ሆኖ የለም፣ ቅርፅና እንቅስቃሴ ግን አለ ይላል። በርክሊ የሚባለው ፈላስፋ በ1710 መጥቶ ቅርፅስ ቢሆን ከማየትና ከመዳሰስ ውጪ በምን ታውቀዋለህ ብሎ ቁሳቁስ የሚባለውን ነገር ጠቅልሎ ሰረዘው። ሚሊካን ሁለቱንም በትዕግስት ነው ሚያስረዳው።

አእምሮ ላይ ግን ትንሽ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ዴካርት ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ፣ ነፍስ ቦታ አትይዝም ሥጋ አያስብም ካለ በኋላ የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 በደብዳቤ "ቦታ የሌላት ነፍስ ሥጋን እንዴት ታንቀሳቅሰዋለች?" ብላ ጠየቀችው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ሹል ጥያቄ አልሰማሁም፣ እሱም በደንብ የመለሰላት አይመስለኝም። እኛ ነፍስ ከሥጋ ተለይታ እንደምትኖር እያመንን ላደግን ሰዎች ይሄ በመጻሕፍት ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም፣ ለቅሶ ቤት ሚነሳ ጉዳይ ነው፣ እና የኔታም እዚህ ጋ ቆፍጠን ብለው ነው የተከራከሩት፣ "እንዴት እንደሆነ አለማወቅና አለመኖሩ አንድ አይደለም፣ ግራቪቲ ያልከኝን ሰውየው እንዴት እንደሆነ አላውቅም ብሎ የለ" አሉኝ። ከኒውተኑ ሌክቸር ያስረዳኋቸውን ይዘው መልሰው መጡብኝ፣ ጥሩ መልስም ነው።

ሌክቸሩ ይሄን የድሮውን በደንብ ይሸፍናል። ኮርሱ ታሪክ ላይ ስለሚያተኩር ግን ባለፉት ሃምሳና ስድሳ ዓመታት ስለ አእምሮ የተባለውን ከሌላ ቦታ ማሟላት አለባችሁ፣ እና እሱን ከዘለላችሁት ዛሬ ሚወራውን ክርክር አትከታተሉትም። ቢያንስ የእነዚህን ፈላስፎች ጽሑፍ አንብቡ። ፕሌስ በ1956 ንቃተ ሕሊና የአንጎል ሂደት ነው ማለት እንደሚቻል የተከራከረውን። ኔጌል በ1974 የሌሊት ወፍ መሆን ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀውን፣ ማለትም ስለ አንጎሏ ሁሉንም ብናውቅ እንኳ ለሷ ውስጧን ሆኖ ሚሰማትን እናውቃለን ወይ ነው። ጃክሰን በ1982 ያመጣትን ሜሪን፣ ጥቁርና ነጭ ክፍል ውስጥ አድጋ ስለ ቀለም ሳይንስ ሁሉን የተማረችና መጀመሪያ ቀይ ስታይ አዲስ ነገር አወቀች ወይ የምትባለዋን (ጃክሰን ራሱ በኋላ ሐሳቡን መቀየሩን አትርሱ)። ሰርል በ1980 ያቀረበውን የቻይንኛ ክፍልም ጨምሩበት፣ ቻይንኛ ማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በመመሪያ መጽሐፍ እየታገዘ ፊደል በፊደል እየቀያየረ ትክክለኛ መልስ ቢያወጣ ቻይንኛ ገብቶታል ወይ። አሁን ልጆች የቤት ሥራቸውን በስልክ ኤአይ እያሠሩ ባሉበት ጊዜ "ይገባዋል ወይስ አይገባውም" የሚለው ነገር በየቤቱ ሚነሳ ነው፣ እኛም ሰርልን ሳናውቅ ስንከራከርበት ነው የከረምነው።

እነዚህን ለማንበብ የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፣ ከ1995 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያለ ነው፣ እያንዳንዱን ርዕስ በዛ ነገር የሠራ ምሁር ነው ሚጽፈው፣ በየጊዜው ይታደሳል። ከባድ ነው፣ ለጀማሪ አልተጻፈም። ግን ሌክቸሩን ከሰማችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ክፍሎች ብቻ ብታነቡ በቂ ነው፣ ገፁን ሴቭ አድርጋችሁ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል።

ማንነት ላይ ያለው ሌክቸር አጭር ነው ግን ደስ ይላል። ሎክ የልዑል ትዝታ ወደ ጫማ ሰፊ ገላ ቢገባ ሰውየው ማነው ይላል፣ መልሱም ልዑሉ ነው፣ ሰውን አንድ ሰው ሚያሰኘው ትዝታው ነውና። ሪድ የሚባለው ፈላስፋ ደሞ በ1785 መለሰለት፣ ልጅ ሆኖ የተገረፈ፣ ጎልማሳ ሆኖ ባንዲራ የማረከ፣ አርጅቶ ጄኔራል የሆነ ሰው አለ እንበል፣ ጎልማሳው ግርፊያውን ያስታውሳል፣ ጄኔራሉ ባንዲራውን ያስታውሳል ግርፊያውን ግን ረስቷል፣ ታዲያ ጄኔራሉ ልጁ ነው ወይስ አይደለም? ሎክ ይሄን ሁሉ ሲጽፍ ትንሣኤ ሙታንንም እያሰበ ነበር፣ በፍርድ ቀን ሚጠየቀው ማነው የሚለውን፣ የኔታ ይሄን ሲሰሙ ነው ሰውየውን የወደዱት። ነፃ ፈቃድ ላይ ያለውን ብዙ አላወራም፣ ሆብስ የሚባለው ፈላስፋና ሂዩም ነፃነትና ሁሉ ነገር በቀደመ ምክንያት የተወሰነ መሆኑ አብረው ይሄዳሉ ያሉት ጥሩ ተብራርቷል፣ ይበቃል።

ሌላው ቅሬታዬ፣ በሰማሁት ሁሉ የእኛ ሰው ስም የለበትም። ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ሐተታውን በ1667 ጻፈው ነው ሚባለው፣ ዴካርት ከጻፈ ገና 26 ዓመቱ ማለት ነው፣ እሱም እንደዛው የሃይማኖት ሰዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ አይቶ ልቡናውን መርማሪ አድርጎ ነው የተነሳው። ክርክር እንዳለበት አውቃለሁ፣ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባለው ጣልያናዊ ምሁር በ1920 "ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ ነው" አለ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብለው ተከራከሩ፣ ዛሬም አልተዘጋም። ግን ክርክሩ ራሱ የኢፒስቴሞሎጂ ትምህርት ነው፣ አንድ ጽሑፍ የማን እንደሆነ በምን እናውቃለን፣ የትኛው ማስረጃ ሚዛን ይደፋል? እኛ አገር ይሄን ኮርስ ሚያስተምር መምህር ካለ ጌቲየርን ካስተማረ በኋላ ይሄን ለተማሪው ቢሰጠው ከየትኛውም የእንግሊዝ ምሳሌ ይሻላል።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፣ ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ኦክስፎርድ ውስጥ ይሄ ሌክቸር የትምህርቱ ግማሽ ነው፣ ምናልባትም ትንሹ ግማሽ። ሌላኛው ቱቶሪያል ነው። ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ይሰጠዋል፣ አንብቦ ጽሑፍ ይጽፋል፣ ከዛ መምህሩ ፊት ብቻውን ወይ ከአንድ ሁለት ልጅ ጋር ቀርቦ የጻፈውን ይከላከላል፣ መምህሩ "ይሄን ስትል ምን ማለትህ ነው? ይሄኛው ከዛኛው ይከተላል ወይ?" እያለ ያፋጥጠዋል። ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀው ሌክቸሩ ነው፣ ቱቶሪያሉ አልተለቀቀም፣ ሊለቀቅም አይችልም። እና ሌክቸሩን ብቻ ሰምቶ ፍልስፍና ተማርኩ የሚል ልጅ ስም ነው ሚይዘው፣ ዴካርት እንዲህ አለ ሂዩም እንዲያ አለ ይላችኋል፣ አንተስ ስትሉት ዝም ይላል።

ጎጃም ውስጥ ደሞ ይሄ ሌላኛው ግማሽ ለኛ እንግዳ አይደለም። ዋሸራ በሉት ጎንጅ በሉት ደብረ ኤልያስ ዲማ በሉት፣ የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ከዛ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ የተበላሸውን ይነቅስለታል፣ ጓደኞቹም ይሰማሉ፣ ሲበስልም ወደ ዘረፋ (ሳይዘጋጁ እዛው መቀኘት) ይሄዳል። ቅኔ ነገራና ቱቶሪያል አንድ ናቸው፣ የቆጠርከውን ይዘህ ትቀርባለህ፣ ፊት ለፊት ትፈተሻለህ፣ ዝም ብሎ ተሰምቶ ሚኬድ ነገር የለም። አባቶቻችን ቅባት ተዋሕዶ እያሉ ስለ ክርስቶስ ባሕርይና አካል ሁለት መቶ ዓመት የተከራከሩት፣ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ 1878 ድረስ የሄደው፣ ሐሳብን ቆርጦ የመጠየቅ ልምድ ስላለ ነው። ይሄ ልምድ ያለበት አገር ልጅ ሌክቸር አውርዶ ብቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ማዳመጡ ያሳዝነኛል።

እኛ ምናደርገው እንዲህ ነው። እኔ፣ የኔታ፣ አንዲት ጤና ጣቢያ ምትሠራ ነርስ፣ አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ፣ እሁድ እሁድ እንገናኛለን። በሳምንቱ ሁላችንም አንዱን ክፍል ሰምተን ወይ በአማርኛ ተነግሮን እንመጣለን፣ ተራ የደረሰው ሰው አንድ ገፅ በአማርኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ መሆኑ ግዴታ ነው፣ ያልገባው ነገር በእንግሊዝኛ ቃል ስር መደበቅ ስለሚችል። ከዛ ያነባል፣ እኛ እናፋጥጠዋለን። አንድ ሕግ አለን፣ ከመቃወማችሁ በፊት የሰውየውን ሐሳብ እሱ ራሱ "አዎ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ መልሳችሁ ተናገሩ። ነርሷ ስለ ሕመም ያመጣችው ነገር ከማናችንም ይበልጣል፣ እግሩ የተቆረጠ ሰው በሌለ እግሩ ያመዋል፣ ሕመሙ የት ነው ያለው? አለች። እዛ ላይ ሦስት እሁድ ነው የቆየነው። የ12ኛ ክፍሉ ልጅ ሕመሙ አንጎሉ ውስጥ ነው አለ፣ እሷ ግን አንጎሉን ብታየው ሕመም አታይም፣ ሴል ነው ምታየው ብላ ኔጌልን ሳታነብ ኔጌል ጋ ደረሰች።

ታዲያ ለማን ይሆናል? ሳይንስ፣ ሕግ፣ ሕክምና ለሚማር ልጅ፣ ለመንፈሳዊ ኮሌጅ ተማሪ፣ ለሲቪክስና ለታሪክ መምህር በደንብ ይሆናል። ሃይማኖቱ ይናጋብኛል ብሎ ለሚፈራም ይሆናል፣ ሚሊካን ሰባኪ አይደለም፣ የማንንም እምነት አያንቋሽሽም፣ ምክንያቱን ግን ይመረምራል። ፈጣን መልስ ለሚፈልግ፣ ለሥራ ሰርተፍኬት ለሚያስፈልገው፣ እንግሊዝኛ ጨርሶ ለሚከብደው ብቻውን አይሆንም፣ ሚያስረዳው ሰው አብሮት ካለ ግን እሱንም አይከለክለውም፣ የኔታ እንግሊዝኛ አያውቁም እኮ። ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለአስተማሪው ከ5 5፣ ለታሪካዊ አቀራረቡ 5፣ ስለ ዘመኑ የአእምሮ ክርክር 3፣ ለኛ አገር ሰው ለመመቸቱ ደሞ በእናንተ ነው ሚወሰነው፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ 3፣ ሰው ካገኛችሁ 5።

ቅደም ተከተሉን አትበጥብጡ፣ ከአርስቶትልና ጋሊልዮ ጀምሩ፣ ከዛ ሂዩም ላይ ቆዩ፣ ጥርጣሬውና ዕውቀቱ ይከተላሉ፣ አእምሮ ላይ ስትደርሱ ሌክቸሩን አቁማችሁ ኔጌልንና ጃክሰንን ከስታንፎርዱ አንብባችሁ ተመለሱ። ሁለት ሰው ብትሆኑም ይበቃል፣ ሦስተኛ ካገኛችሁ ግን ከናንተ ጋር ማይስማማ ሰው ምረጡ። እኛ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ፍራንክፈርት የሚባለውን ፈላስፋ የ1969 ምሳሌ ልንጀምር ነው፣ ሌላ ምርጫ ያልነበረው ሰው በሠራው ይጠየቃል ወይ የሚለውን፣ ተረኛዋ ነርሷ ናት።